የተነከሰ ኮከብ

ወሩ ነሐሴ ነው፣ ካኸቲ አገሩ፤
ፕሪም ረግፎ ረግፎ ቀልቷል የግቢው ዳሩ።
ዶሮዋ ጠግባ ተወችው፣ ተርብ ሰከረበት፤
እኔም የአውቶቡስ ሾፌር፣ ማማሰያ ይዤ ገባሁ ማድ ቤት።

እጄ የለመደው መሪ ነው፣ ማርሽ ነው፣ ፍሬን ነው፤
ድስት ፊት ሲገተር ማን መንገድ ያሳየው?
ናርጊዛ በስልክ፣ ከጣልያን፣ ከባሪ፣
«ዘሩን ልቀም! እሳት ቀንስ! እንዳያርብህ!»
ትላለች፣ እንደ መንጃ ፈቃድ አስተማሪ።
(እዚያ አንዲት አሮጊት ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፤
ሌሊት ሦስቴ ትነሣለች፤ እሑድ ትደውላለች።)

ፈላ። ወንፊት ላይ አሸነው፤ ጓንጻ ክንዷ እስኪዝል፣
ባቻና ከሥር በጣቱ ሲልስ፣ «አልላስኩም» ሲል።
ጣውላ ላይ ዘረጋነው፣ አሳስተን፣ እንደ ሻሽ፤
ዝንብ ለማባረር ተራ አወጣን፤
ተራው የደረሰው ሁሉ የሚሸሽ።
በሦስተኛው ቀን ጫፉን ይዤ ስስበው ተላጠ፤
ወደ ብርሃን ባነሣው የልጆቹ ፊት በቀይ ተለወጠ።

አባቴ ይህንን፣ ትክላፒ የምንለውን፣ ጠቅልሎ እንደ ሰሌን፣
ቆጥ ላይ ያኖር ነበር፣
«ለብርድ ጊዜ ሾርባ ነው፣ እጅ እንዳታሳርፉ» እያለን።
ልጆቼ ግን ሾርባ አልታያቸውም።
«ወረቀት ነው!» አሉ፤ ወረቀት ደግሞ ዝም ተብሎ አይቀመጥም።

ጓንጻ መቀስ አነሣች፤ ዓሣ ሆነ፣ ቀንድ አውጣ፤
ብርጭቆ ደፍታ ዞረችበት፣ ጨረቃ በጠራራ ፀሐይ መጣ።
ፈረስም ሠራች፣ ባለ ሦስት እግር። «አራተኛውስ?» አልኳት።
«በዚያ በኩል ነው፣ አይታይህም» አለች፤ አመንኳት።

ባቻና ስድስት ዓመቱ፣ መቀስ ተከልክሏል
(ባለፈው ሳምንት የሳሎኑን መጋረጃ ፀጉር ከርክሟል)፤
ስለዚህ ኮከቡን በጥርሱ ሊቀርጽ ተነሣ፤
ነክሶ ያዞራል፣ ነክሶ ይስባል፣
እጁ አገጩ ቀልቶ፣ ጨርሶ እኛን ረሳ።
አራት ጫፍ በሰላም ወጣ። አምስተኛው ላይ፣ «አባ!»
አፉን ቢከፍት፣ ሲነቃነቅ ከከረመው ጥርስ ቦታ
ምላሱ ወጣ፣ ገባ።

ጥርሱስ? ጣውላውን ገለበጥን፤ ምንጣፍ አራገፍን፤
ጫማ ውስጥ የለም። ድስት ውስጥ የለም።
የግቢውን አፈር በወንፊት አሳለፍን።
«ለአይጥ ልሰጣት ነበር» አለ፣ «የብረት እንድታመጣ!»
ያ ሁሉ ዕንባ! በመጨረሻ ፍርዱ ዶሮዋ ላይ ወጣ።
ቀይዋ፣ አንካሳዋ። ለቅማ ውጣለች ተባለች፤
ሦስት ቀን ከኋላዋ በእንጨት ኩሷን ሲበትን፣
እሷም ዘወር እያለች ታየዋለች።

ጥቅሉን ጉራም ወሰደው፣ ባሪ በሚሄደው ሚኒባስ፣
በቱርክ አድርጎ፣ በግሪክ፣ በመርከብም ባሕር እስኪጥስ።
በየመካከላቸው ወረቀት ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግሁም።
ሾፌር ነኝ፤ ሙቀት ጎማን እንጂ
ኮከብን ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።

እሑድ። ናርጊዛ በስክሪኑ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ጡብ በእጇ።
«ምንድን ነው? ጫማ ነው?» «ፈረስ ነው!» ጮኸች ልጇ።
«ጨረቃዬስ?» «ዓሣው ውጦታል መሰለኝ።» «ቀንድ አውጣው?»
«ፈረሱ ላይ ተሳፍሯል፤ እንዴት አድርጌ ላውጣው?»
ሳቋ ሳያልቅ ከጥጉ ገመጠች፣ ዓይኗን ጨፍና፤
አኘከች። ቆመች። ምላሷ የራሷን ጥርስ ቆጠረ፣
አንድ በአንድ፣ እንደገና።

ሁሉም አሉ።

ጣቷን አፏ ከተተች፤ አምፖል ሥር አየችው፤
ትንሽ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ፤ ወደ ስልኩ አስጠጋችው።
«የኔ ነው!» አለ ባቻና፣ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ፣ «አገኘሽው!»
አሮጊቷ ከአልጋዋ አንድ ነገር ጠየቀች፣ በጣልያንኛ።
ናርጊዛ አልመለሰችም። መዳፏን ዘጋችበት።
ምንም አልተናገርንም እኛ።

«መልሺው፣ ለአይጧ ነው።» «አይሆንም፣ እዚህም አይጥ አለ።»
ወዲያው «ዶሮዋን ይቅርታ ጠይቃት» የሚል ትእዛዝ ተከተለ።

ወጣ። በመስኮት አየነው፣ ቀይ ቁራጭ ሲወረውርላት፤
አንገቷን ጠመም አድርጋ መረመረች፤
ዋጠችው፣ ካሣው የበቃት።
ጓንጻ አጠገቤ ቆማ መስታወቱን በትንፋሿ አደበዘዘች።
«አየህ፣ አባ፣ የፈረሱ አራተኛ እግር ያ ነበር» አለች።