የመዳቡ ማንቆርቆሪያ

መዝገቡ እኔ ጋ ነው፤ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣
የመጀመሪያው ገጽ ቢራ ፈሶበታል፣
ቢሆንም ይነበባል፦
«ሚያዝያ፣ ሰኞ ማታ። ከኦግደን መሸታ ቤት
ዐሥራ አንድ ሸማኔ ከነአበባው ተገኘበት።»
ሌላ ቃል አልጻፉም። የብራክንሾው ከተማ
የአበባዋ ትርኢት እንዲህ ተጀመረ፣ ያለ ሹም፣ ያለ ዓርማ።

ሸማኔ ከቤት ይውላል፤ እጁ ከመወርወሪያው፣
እግሩ ከመርገጫው፣
ዓይኑ ግን ከመስኮቱ ደፍ፣ ከአበባዋ ላይ ነው።
ኦሪኩላ ይሏታል፤ ቁመቷ ስንዝር አይሞላም፣
ቅጠሏ ዱቄት ለብሷል፤ ከወፍጮ አልመጣም፣
ከራሷ ነው የሚወጣ፤ አንዴ ከታጠበ አይተካም፤
ከብራክንሾው ደግሞ ዝናብ ሥራ አይፈታም።

ሽልማቱ ማንቆርቆሪያ ነው፤ መዳብ፣ ሆደ ሰፊ፣
ከበሩ አናት ይሰቅሉታል፣ እንዲታይ ላላፊ።
ኢኖክ ሃስላም ሦስት ጊዜ ወሰደ፣ ደረቱ አብጦ፤
ውሃ ግን አላፈላበትም፤ ከራስጌው አስቀምጦ
ሌሊት ሌሊት ይወለውላል። ሚስቱ ታቢታ
«እኔንስ እንዲህ ብትወለውለኝ ምን ነበር፣ ባንዱ ማታ!»

አንድ ዓመት (ስሙን አይጠቅስም፣ መዝገቡም ያፍራል)
የረገፈ አበባ በሙጫ የለጠፈ ሰው ተይዟል፤
ፍርድ፦ «አምስት ዓመት እንዳይወዳደር። ቢራ ይፈቀድለታል።»

ከዚያ እንፋሎት መጣ፤ ፋብሪካው ጢሱን ለቀቀ፣
የቤቱ መወርወሪያ ቆጥ ላይ ተሰቅሎ ደረቀ።
ጥላሸት በመስኮት ሲገባ፣ ታቢታ በቀጭን ብሩሽ
ነጩን ከጥቁሩ ትለያለች፣ ትንፋሿን ይዛ፣ እስኪመሽ።

ጥጥ የቀረ ዓመት፣ ከባሕር ማዶ ሰው ሲጋደል፣
እዚህ ሞተሩ ዝም አለ፤ ሰማዩ ጠራ። አይ ዕድል!
አበባዋ እንደዚያ ዓመት አምራ አታውቅም፤
ቅጠሏ ላይ ዱቄት ሞልቷል፣ ከቤት ውስጥ ግን የለም።
የልጃቸው ልጅ ዶርካስ፣ ሰው የማያይ መስሏት፣
ሸክላውን ታቅፋ ቅጠሉን ስትልስ አያት።
አልተቆጣም ኢኖክ። ሦስቱን መዳብ በጆንያ ይዞ ወጣ፣
የእውነት ዱቄት ተሸክሞ መጣ።
መዝገቡ፦ «ትርኢት የለም።»
ከሥሩ፣ በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም፦
«ዱቄትም።»

ኢኖክ በጥር ሞተ።
በሚያዝያ «ሃስላም፣ ኢ.፣ አንደኛ» ተብሎ ተመዘገበ።
ሴት አይወዳደርም ይላል ደንቡ፤ ዳኞቹ ያውቃሉ፣
ሬሳውን የተሸከሙ ራሳቸው ናቸው፤ ዝም አሉ።
ስድስት ዓመት ሙት አሸነፈ። በሰባተኛው አዲስ ጸሐፊ
«ይህ ሃስላም ለምን ከኛ ጋር አይጠጣም?» ቢል፣
«ውሃ ሊያጠጣ ሄዷል» አሉት፣ ሳይስቁ።
በሚቀጥለው ገጽ «ሃስላም፣ ታ.» ይላል። ማን እንደፈቀደ አይጠቁም።

ሁለቱን ጦርነቶች ዘለልኳቸው። ገጾቹ ባዶ ናቸው።

የመጨረሻው ፋብሪካ ሊዘጋ ሁለት ዓመት ሲቀረው
ከሌሊት ፈረቃ የወጣ አንድ ሰው፣
ጥጥ ከጥምጥሙ ሳያራግፍ ሸክላ ታቅፎ ገባ።
ችግኙን የሰጠችው ጎረቤቱ ናት፣ በረዶ ስለዛቀላት ደጇን።
መኸርባን ሲንግ። ጸሐፊው ሦስቴ ጽፎ ሦስቴ ሰረዘው ስሙን።
አሸነፈ። ማንቆርቆሪያውን ተቀበለ፣ አመሰገነ፣
ወደ ጓዳ ዘልቆ ውሃ ሞላበት፣ እሳት ላይ ጣደ።
ዳኞቹ ብድግ አሉ፦ «ኧረ ሰውዬ! ይህ እኮ...»
«ማንቆርቆሪያ ነው» አለ አባቴ።
ዝንጅብል ጨመረ፣ ወተት ጨመረ። ጠጡት።
አንዱ ደገመ።

እስከ ዛሬ ቂጡ ጥቁር ነው፤ እንዲወለወል አልፈቅድም።

ዘንድሮ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ፤ ሦስት ጠረጴዛ እንኳ አልሞላም፤
ብዕሬን አንሥቼ፣ ከቢራው በሁለት መቶ ገጽ ርቄ፣
ይህን ጻፍኩ፦
«ሚያዝያ፣ ቅዳሜ። ዝናብ። ዘጠኝ ሰው መጣ።
አንድ ሕፃን ቅጠል ቀመሰ።
አልከሰስነውም።»