የእርሳስ ክብ

በፓሱስ ከተማ፣ በሶፋ ፋብሪካ፣
ዝናብ የቆርቆሮውን ጣራ ሲነካካ፣
ኮምፕሬሰሩ ነቅቶ፣ ሆዱን እየነፋ
ከጥግ ያጉረመርማል፣ አዳሩ እንደከፋ።

ዙልሚራ ጎንበስ ብላ፣ ከበርሜሉ ሥር ቧንቧ ከፍታ
ያደረውን ውሃ ታፈሳለች፤ ይህ ነው የጠዋት ሰላምታዋ።

«ቴልሞ፣» ትለኛለች፣ «መነጽርህ ግንባርህ ላይ ነው፤
ስንጥሩ የሚሻው ዐይንህን ነው፣ ግንባርህን ማን ፈለገው?»

ስቴፕለሩን ስትሰጠኝ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት፣
እጀታውን ወደ እኔ፤ እንደ ቢላ፣ እንደ ስለት።
«ቃታውን ይዘህ አትዙር፤ ጣትህን ከውጭ አሳርፈው፤
ስድስት ባር ይበቃዋል፤ ጥዱ ለስላሳ ነው፣ አትግረፈው።
መዶሻ እጁን አንስቶ፣ ዝቶ ነው የሚመታ፤
ይሄ ግን ትፍ ይላል፣ በዐይን ጥቅሻ ፋታ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሰማኋት እንደዚያ ዝናብ ነው፤
ጣራዬን መታው እንጂ፣ ቤቴን መቼ አራሰው።

ዓርብ ከሰዓት።
የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ሞተሩን አላጠፋም፤
አርባ ወንበር ይቀራል፣ ቤልሚሮ ሰዓቱን አይቶ አይጠግብም።
ግራ እጄ ከጣውላው ጎን፣ ቀኝ እጄ ከቃታው ጋራ፣
ቸኮልኩ።
ጥዱ ውስጥ ጉጥ ነበረ፤ ጠቆር ያለ፣
የአንድ አሮጌ ቅርንጫፍ መቃብር።
ሽቦው ገባ፤ ጉጡ ግን በሩን ዘጋበት፤
ታጠፈና በጎን ወጣ፣ እጄ ባለበት፤
በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል፣ ጓንቱን ቀድዶ፣
ሁለት ጥርሱን አግጥጦ ቆመ።
ደም የለም።

አልጮኸችም።
መጀመሪያ ቱቦውን ነቀለች። ስቴፕለሩ ተነፈሰ።
እኔ ግን አልተነፈስኩም።
ከዚያ የግራ ጓንቷን አወለቀች፤ መዳፏ ላይ፣
ጎን ለጎን፣ ሁለት ነጥብ።
ወሬውን አልጨረሰችልኝም።
ከጆሮዋ ኋላ እርሳሷን አወጣች፣ ጉጡን ከበበችው፤
«እዚህ አትምታ፣» አለችኝ፤ ጣውላውን ወደ እኔ ገፋችው።

ቤልሚሮ አጉተመተመ፤ መኪናው ግማሹን ጭኖ ሄደ።
እኔ ከዚያ ወዲህ፣ ቃታ ከመንካቴ በፊት፣ መዳፌ እንጨቱን ማሰስ ለመደ፤
ጉጥ ሳገኝ እከባለሁ፤ ግራ እጄን ከሽቦው መንገድ አርቃለሁ፤
ሽቦ ሲቀረቀርም፣ ይቸኩል የቸኮለ፣ መጀመሪያ ቱቦውን እነቅላለሁ።

ያ ወንበር ሰኞ ስፖንጅ ለበሰ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ለበሰ፤
የት ከተማ እንደደረሰ፣
ማን እንደሚቀመጥበት አላውቅም።
ከጨርቁ ሥር፣ ከጉጡ ዙሪያ፣ የእርሳስ ክብ አለ፤
ማንም አያየውም።