ስንት ዓመት ይቆያል?

ሞጣ ላይ፣ ከሚስማር መደብሩ በላይ፣
አንድ ወንበር አለኝ ገበያውን የሚያይ።
አንሙት ወደዚያ መጣ አፉን በእጁ ይዞ፣
ሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቶት፣ እንደ ልጅ ተክዞ፤
የቢራ ጠርሙስ ነው፤ በጥርሱ ሲከፍት
ቆርኪው እምቢ ሲለው ጥርሱ እሺ አለበት።
«ለፎቶው ነው» አለኝ፣ «እንዳልሸማቀቅ፤
ከሠርጉ ማግስት፣ ቢሻው ይውለቅ።»
ጋደም ብሎ ደግሞ፦ «ዶክተር፣ ስንት ዓመት ይቆያል?»
ዶክተር አይደለሁም። አገሩ ሁሉ ግን እንደዚያ ይለኛል።

የሙጫ ነገር እንዲህ ነው። ጥርስ ልስልስ ሆኖ፣ አብረቅርቆ፣
ምንም አይቀበልም፤ ሁሉን ያንሸራትታል ስቆ።
ስለዚህ መጀመሪያ ታቆስለዋለህ።
አሲድ ትቀባለህ፣ እስከ ሠላሳ ትቆጥራለህ፣
አጥበህ ስታደርቀው
የጮቄ ውርጭ ይመስላል፣ ጎህ ሲቀድ የታየ፤
ዓይን የማያየው ሺህ ጉድጓድ፣ ሙጫው ሥር የሚሰድበት።
የሚይዘው ቁስሉ ነው።

ምራቅ ግን ጠላት ነው። አንዲት ጠብታ ከገባች
የአሥር ዓመቱን ሥራ ለአሥር ቀን ትሸጣለች።
«አትዋጥ» አልኩት። «አትሳቅ። አትናገር።»
(ለሙሽራ ይህ ሁሉ፣ እንዴት ያለ ነገር!)
ጥጥ አጎረስኩት፤ ሰማያዊውን ብርሃን ልደግንበት ስል
መብራት ጠፋ።

ሃያ ደቂቃ። እኔ ጥርሱን ከመስኮቱ ፀሐይ በመዳፌ ከልዬ፣
እሱ ጣሪያውን እያየ፣
ታች ባለመደብሩ የጄኔሬተሩን ገመድ እየጎተተ፣ እየተሳደበ።
ከማላውቀው ሰው ጋር እንደዚያ ዝም ብዬ ተያይዤ አላውቅም።

ሲሄድ «አምስት ዓመት» አልኩት። «ከተጠነቀቅህለት ሰባት።
ጠርሙስ ግን በመክፈቻ።»

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆነው። ትናንት መጣ፣
ፀጉሩ ሸሽቶ፣ ጉንጩ አብጦ።
የከዳው ኋላ የሞላሁለት መንጋጋ ነው፤ ከገለፈቱ በታች፣
እርጥብና ሕያው በሆነው የጥርሱ ሆድ ውስጥ የለጠፍኩት።
እዚያ ውሃ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ሳያሳምም፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ፣
ሙጫውን ያሟሟዋል።
ሲያምህ አልቋል።

መስተዋቴን ወደ ፊት ጥርሱ አዞርኩ።
ዳሩ ላይ ቡናማ መስመር፤ የሻይ፣ የሲጋራ፣ የስንት ሌሊት።
በመርፌዬ ጫፍ ገፋሁት። ደግሜ፣ ጠንከር አድርጌ።
ንቅንቅ የለም።
የእኔ እጅ ነው ይህን የሠራው? የዚያን ጊዜው።
ያሁኑ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ስለ ሚስቱ አልጠየቅኩም። እሱው አነሳው፤
«ፎቶው እሷ ዘንድ ቀረ» አለ፣ «ጥርሱ እኔ ዘንድ።»
ሳቀም፤ አፉን በእጁ ሳይሸፍን።

ከዚያ ተጋደመ፣ መንጋጋውን በጣቱ አሳየኝ፣
«ይኸኛውስ፣ ዶክተር?»
አሲዱን አነሳሁ።
«እስከ ሠላሳ ቁጠርልኝ» አልኩት፣ «በልብህ። አትናገር።»
መብራቱ ገና አልጠፋም።