ሠላሳ ስምንት

በሳካ ምድር የኢንዲጊርካ ጀርባው ድንጋይ ሆኗል፤
ከአፍ የወጣ ትንፋሽ ሲሰበር ይሰማል።
ከበረቱ ግንድ ላይ የተንጠለጠለው
ባለ ሜርኩሪ መለኪያ ትናንት ደርቆ ቀርቷል፤
ከዚያ ወዲህ ያለውን ብርድ የሚቆጥረው የለም።

ኩኔይ ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀች፤
የባዝራይቱን ጅራት ወደ ጎን ገልጣ
ሌላ መለኪያ አስገብታ ጠበቀች።
«ስንት አለ?» አላት ኤርቺም፣ ቅንድቡ ነጥቶ።
«ሠላሳ ስምንት።»
«ትናንትስ?»
«ሠላሳ ስምንት።»
ሳቀ፤ ሳቁ ጢሙ ላይ በረዶ ሆኖ ቀረ።

በውስጧና በውጭዋ መካከል ሰማንያ ስምንት ዲግሪ አለ፤
ድንበሩ አንድ ቆዳ፣ አንድ ጣት ስብ፣ ግማሽ ስንዝር ጠጉር ብቻ።
አመዳዩ ጀርባዋ ላይ ተኝቶ አይቀልጥም፤
ቤቷ እንዲህ ተዘግቷል፣ ጭላንጭል አይወጣም።

እግሯን ግን ዳስሰው፤ የብረት ያህል ነው።
ወደ ሰኮናው የሚወርደው ደም
ሽቅብ የሚመለሰውን መንገድ ላይ ያገኘዋል፤
እሳት ልትጭር ለመጣች ጎረቤት እንደሚሰጥ
ፍሙን ያቀብለዋል።
ትኩሱ ወደ ልብ ይመለሳል፣
የቀዘቀዘው ወደ በረዶው ይወርዳል፤
በረዶ ከበረዶ ጋር ምን ይጣላል?

ከወንዙ ሥር ያለው ዓሣ ብልህ ነው፦
ውሃው ሲበርድ ይበርዳል፤ ክርክር የለው፤
በወር አንዴ ቢቀምስ ይበቃዋል።
እሷ ግን እንቢ ባይ ናት።
ለእንቢታዋም ግብር ትከፍላለች፤
ከንጋት እስከ ምሽት በሰኮናዋ በረዶ ትቆፍራለች፣
የአምናን ሣር ታነድዳለች።
ምድጃ ተሸክሞ መዞር ቀላል አይደለም።

የኤርቺም ግራ እጅ ሦስት ጣት ነው ያለው።
«አካል ጨካኝ ዳኛ ነው» ይላል፤
«ጉበትና ልብ እንዲተርፉ
በዳር ዳሩ ላይ ይፈርዳል። በሃያ አራት ዓመቴ
ሳያማክረኝ በሩን በጣቶቼ ላይ ዘጋ።»

በመጋቢት፣ ቀኑ መርዘም ሲጀምር፣
ባዝራይቱ ቆማ ካደረችበት ተኛች።
ኩኔይ ደረሰች። ሠላሳ አራት።
ድርቆሽ አቀረቡላት፤ አሸተተችው፣ ፊቷን አዞረች።
ሠላሳ አንድ።
መንቀጥቀጧን ስታቆም ኩኔይ ገባት፦
መንቀጥቀጥ ሥራ ነው፤ ሥራውን ለቀቀች።

ኤርቺም ጓንቱን አወለቀ፤
ሦስቱን ጣቶች ከጋማዋ ሥር፣
ከአንገቷ እጥፋት ከተተ።
እስከ ቀትር እንዲያ ተቀመጠ።

ኩኔይ ደብተሯን አወጣች፤ ቀለሙ ስለረጋ በእርሳስ
ቁጥሩን ጻፈች፤ ሰረዘችው፤
«ከአየሩ ጋር ታረቀች» ብላ ተወችው።

ሦስቱ ጣቶች እስከ ማታ አልበረዱም።