የቅዳሜ ዮጋ

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ ብሎክ መቶ ሰባት፣
የፍሪጅ ካርቶን ላይ፣ ምንጣፍ በሌለበት፣
«ዛፍ ሁኑ» ትላለች መምህርቷ ወይንሸት።
ባንድ እግር ቆመዋል፤ ትቆጥራለች፤ «ሁለት…»

የኔ ያፌት ብቻ
እጁ ከመስኮቱ፣ ዓይኑ ከውሃ ቦቴ።
መሬት ዋጪኝ አልኩኝ፤ ተላወሰ አንጀቴ።

«ቀበጥ ነው፣ ግረፊው» ያላለኝ ማን አለ?
ሦስተኛው ትምህርት ቤት «ይቅርብን» ነው ያለ።

እግሩን አነሳ ደግሞ። ይወዛወዛል፣
ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ።
«ቁም!» አልኩት ከበሩ፣ አፍጥጦበት ዓይኔ።
«ንፋስ አለ እማዬ፤ ዛፍ አይደለሁ እኔ?»

ወይንሸት ሳቀችና ቁጥሩ ጠፋባት።

ጫማዬን አውልቄ ካርቶኑ ላይ ወጣሁ፤
ያፌት ቆጠረልኝ፤
«ሁለት» ሳይል ወደቅሁ።