ዜሮ እስኪደርስ

ሰድበሪ፣ ኦንታሪዮ፣ ሐሙስ ማታ። ጥር መስኮቱን እስከ ወገቡ ውጦታል፤
መምህራችን ኦዴት ራንኩር ኦሲሎስኮፑን በመዳፏ መታ ስታደርገው
የሚንቀጠቀጠው ሞገድ እንደ ተቆጡት ልጅ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«ከግድግዳው የሚመጣው ይኸው ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣
በሰከንድ ስድሳ ጊዜ ደርሶ ይመለሳል።
አቅኑት ያላችሁ የለም። ተለዋጭ ገብቶ ተለዋጭ ነው የሚወጣ፤
የእናንተ ሥራ በር ላይ ቆሞ ሰዓት መምረጥ ነው ለመጣ።»

እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ የተሰጣጡ ሁለት ታይሪስተር፣
አንዱ ከዜሮ በላይ፣ አንዱ ከዜሮ በታች የሚያድር።
«ጫፉን ነካ ብታደርጉት ይከፈታል፤ ከዚያ ወዲያ አይሰማም ነገር፤
ብትለምኑት፣ ብትቆጡት፣ ደጁ ላይ ብታለቅሱ እንኳ
ጅረቱ ዜሮ እስኪደርስ አይዘጋም።»
ይህን ስትል ድምፅዋ ዝቅ አለ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅንም።

ማዞሪያውን አዞረች። የሞገዱ ትከሻ ተቆርጦ ወደቀ፣
አምፑሉ እንደ ሻይ ቀላ፤ ማዕዘኑ ሲገፋ ብርሃኑ አለቀ።

በሩ ያን ጊዜ ተከፈተ። ቲሞ ኮስኬላ፣ ጢሙ ላይ በረዶ፣
ከማዕድኑ ወፍጮ ፈረቃ ሮጦ የመጣ፣ «ይቅርታ» ሲል
«ግባ» አለችው፣ «ምሳሌዬ ነህ። የመክፈቻ ማዕዘንህ ዘጠና፤
ግማሹ አልፏል፣ የቀረውን ትወስዳለህ።» ሳቅን።

እሱ ግን አልሳቀም። ጓንቱን ሳያወልቅ ጠየቀ፦
«የኛ ወፍጮ ታዲያ? ቤት የሚያህል በርሜል፣ ድንጋይ የሚያላምጥ፣
ስድሳ እየተሰጠው እንዴት ነው ስድስት እንኳ የማይሮጥ?»

ሰሌዳውን በክንዷ ጠረገችው። ከሦስቱ ሞገድ
ጫፍ ጫፉን፣ ቁራጭ ቁራጩን፣ እየለቀመች ሰፋችው፤
ከቅርብ ላየው እላዩ ላይ የተደራረተ የተጣፈ ጥብቆ፣
ከሩቅ ግን አንድ ረጅም ጉብታ፣
ሳይቸኩል የሚወጣ፣ ሳይቸኩል የሚወርድ።

«ሁለቱ ባንድ ላይ ቢከፈቱስ?» አልኩ ከኋላ።
መልስ አልሰጠችም። ከመሳቢያዋ ክንድ የሚያህል ፊውዝ አወጣች፣
ሆዱ የፈነዳ፣ ጥላሸት የለበሰ። ጠረጴዛው ላይ አጋድማው
«ይኼ የአንድ ሰኞ ጠዋት ነው» ብላ ወደ ፈተናው ቀን አለፈች።

ሌሊት የልጄን መኝታ ክፍል መብራት ዝቅ ሳደርግ
ጆሮዬን ወደ ማብሪያው አስጠጋሁ።
እዝዝ ይላል።
በሰከንድ መቶ ሃያ ጊዜ እየተዘጋ፣ እየተከፈተ፣
ከሞገዱ ትከሻ እየቆረሰ።
ልጄ አንዱንም ጨለማ ሳታይ
ገልበጥ ብላ ተኛች።