ቤት መታ

ዶሚቲላ ካርካሞ፣ ስልሳ አንድ ዓመቷ፣
ከቺሎዌ ደሴት፣ ገደል አፍ ነው ቤቷ።
በየክረምቱ ዝናብ አፈሩ እየራሰ፣
አጥሯን በልቶት ሄደ፣ የድንች መደቧን ቆረሰ።
ልጇ ከከተማ «ሽጪና ነይ» ብሎ ጻፈ፤
ደብዳቤው አንድ ሌሊት ምድጃዋን አሙቆ አለፈ።

እሷ ግን ደጅ ወጥታ በጣቷ አመለከተች፣
ከሰርጡ ባሻገር፤ «ቤቴን ይዤ ነው» አለች።

በእኛ አገር ልማድ ቤት ሥር አልሰደደም፤
ጎረቤት ከመጣ፣ በሬ ከተጠመደ፣ የማይሄድ የለም።
በግንድ ላይ ተጭኖ ቁልቁል ይንሸራተታል፣
ባሕሩ ሲሞላ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል።
አንዳንዴም ይሰጥማል።
የኤላዲዮን ቤት አምና አይተናል በዓይናችን፤
ጢስ መውጫው ላይ ወፍ ቆሞ፣ ገመዱ ባዶ ቀርቶ በእጃችን።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከደሴት ወጥቼ የማላውቅ፣
ማዶ ሥራ አለ ሲሉኝ፣ ዝናቡ ያባራ እያልኩ የምጠብቅ፣
«ቢሰጥምስ፣ እትዬ?» አልኳት፣ መስኮቷን ነቅዬ ሳወጣ።
«ቢሰጥም አያለሁ» አለች፣ ምስማሩን ከአፏ አውጥታ፤
«ገደል አፍ ቁጭ ብዬ ግን፣ ሠላሳ ዓመት ሰጠምኩ፣ በየማታ።»

አንድ ብርጭቆ ውሃ ከጠረጴዛው አኖረች፣
«ይኼ ይንገረን» ብላ፣ በሩን ሳትዘጋ ወረደች።

ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣
ቤቲቱ ቁልቁል ወረደች፣
በአሥራ ሁለት ጥማድ ተስባ፣ ወጋግራዋ እየተጣራ።
ውሃ ሲነካት ዝም አለች። እኛም ዝም አልን፤
ጀልባዎች ተቀበሏት፣ ገመዱን አስረን ቀዘፍን።

መሐል ሰርጡ ላይ ስንደርስ ከደቡብ ነፋስ ተነሣ፤
እዚህ ላይ ስንኜ ቤት አይመታም፤
ቤት የመታው ማዕበሉ ነው።

ዘመም አለች። ወደ ግራ። አሁንም ወደ ግራ።
ከኋላዬ የዶሚቲላ ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማሁ፤
ጸሎት ነው ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ።
«አየሃት?» አለችኝ፤ «ከሩቅ አይቻት አላውቅም፤
ይህችን ታክል ነበረች?
ይህን ሁሉ ዘመን እዚህች ውስጥ ነው የኖርኩት?»

ሲመሽ፣ ማዶ ካለው አሸዋ ላይ፣ ጠመም ብላ ቆመች።
በሩ አልገጥም አለ። ሰዎች መላጊያ አመጡ።
«ተዉት» አለች፣ «ሁለታችንም ትንሽ ተንጋደናል።»
ገባች፤ እንደ እንግዳ፣ እግሯን እየመረጠች።
ብርጭቆው ከጠረጴዛው የለም፤
ጥግ ሄዶ ቆሟል፣ እንደ ሞላ።
አንሥታ ተጎነጨች።
«ጨው ጨው ይላል» አለች፣
ደግሞም ተጎነጨች።